"ነገ እደውላለሁ" ያለው ቧንቧ ሰራተኛ የት ገባ?

አክስቴ ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምትኖረው። ሰኔ መግቢያ ላይ የሮቶዋ መውጫ ጋ ያለው መገጣጠሚያ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርድ ጀመር፣ እሷ ሰፈር ደሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ተነስታ የሞላችው ሮቶ ሲመሽ ግማሽ ሆኖ ይጠብቃታል። ከጎረቤት ቁጥር ተቀብላ አንድ ቧንቧ ሰራተኛ ጋ ደወለች። አነሳ። ትህትናው ልዩ ነው፣ "እሺ እትዬ፣ ምንም ችግር የለም፣ ነገ እደውልልዎታለሁ" አላት። በቃ። ከዛ በኋላ ስምንት ቀን ሙሉ ስልኩ ይጠራል አይነሳም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝግ ነው። በዘጠነኛው ቀን እኔ ጋ ደውላ "ልጄ፣ የኔ ብር ብር አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ሁላችሁም የሚመጣላችሁ ነው፣ ንቀት ነው፣ ጠግበዋል፣ ምናምን። ግን አብሮኝ ያደገ ቧንቧ የሚሰራ ልጅ አለ፣ እሱን ሽምብጥ አንድ ጀበና ቡና ጋ አስቀምጬ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ለምንድነው መልሳችሁ የማትደውሉት?" አልኩት። ሳቀና ስልኩን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሳ 23 ጥሪ፣ ሰዓቱ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የስም ዝርዝሩን ሲያሳየኝ ደሞ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እኛ "እንትና ቧንቧ" ብለን እንደምንመዘግባቸው እሱም እኛን "ሮቶ ቀበሌ 14"፣ "ላቫንዲኖ ፔዳ ጀርባ"፣ "ሴትዮዋ ባለ ውሻ" እያለ ነው የመዘገበን፣ አንዱን ደሞ "ክርክር" ብሎታል። ክርክር ሲደውል አይነሳም። (ማን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔ አለመሆኔን ግን አረጋግጫለሁ።)

ከዛ በኋላ ከሱም ከሌሎችም፣ ከኤሌክትሪክ ሰራተኛ፣ ከቀለም ቀቢ፣ ከሴራሚክ ሰሪ ጋር ስናወራ የገባኝን ልንገራችሁ።

ቀላሉን መጀመሪያ እንጨርሰው። ቤት ጥገና የሚሰራ ሰው ስልክ የምታነሳለት ፀሀፊ የለችውም፣ ቀጠሮ ያዡም እቃ ገዢውም ሂሳብ ሰሪውም ሰራተኛውም እሱው ነው። ስልኩ ሲጠራ ጣሪያ ላይ ነው፣ ወይ ላቫንዲኖ ስር ተጣጥፎ ገብቷል፣ ወይ እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ነው፣ ወይ ሳይክሉ ላይ መፍቻውን አስሮ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየሄደ ነው። ማታ 1 ሰዓት ቤቱ ገብቶ 23ቱንም ልደውል ቢል፣ ለያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብቻ ብንይዝለት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ካርዱም ከኪሱ። ስለዚህ ይመርጣል። እንዴት ነው የሚመርጠው የሚለው ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ያለው።

ሂሳቡን እንየው። እንበል አንድ ሩቢኔቶ ለመቀየር የእጅ ዋጋው 400 ብር ነው። እኛ የምናየው የሃያ ደቂቃ ስራ ነው፣ ፈታ፣ ቴፍሎን ጠቀለለ፣ አጠበቀ፣ 400 ብር ወሰደ፣ ዘረፋ ነው እንላለን። እሱ የሚያየው ሌላ ነው፣ እዛ ድረስ መሄድ አለ፣ አይቶ ግማሽ ኢንች ይሁን ሶስት አራተኛ ለይቶ ህንፃ መሳሪያ ሱቅ መሄድ አለ፣ እቃው ከሌለ ሌላ ሱቅ፣ መመለስ፣ ውሃው በፈረቃ ከሆነ ደሞ ገጥሞ ሲጨርስ ያፈስ አያፈስ መሞከሪያ ውሃ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ በማግስቱ ተመልሶ ማየት ሊኖርበት ነው። ጓደኛዬ እንዳለው "የአንድ ሰዓት ስራ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው የግማሽ ቀን ስራ ነው"። በዛው ግማሽ ቀን አዲስ ቤት ላይ ሙሉ የሳኒተሪ ስራ በቁርጥ ይዞ ቢሆን እቃው ተደርድሮ፣ ረዳቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠራው ነው የሚሰራው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አሮጌ ቤት ሌላ መዘዝ አለው። የድሮው የብረት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ዝጎ ነው የሚኖረው፣ ሩቢኔቶውን ልትፈታ ስትጠመዝዝ ጥርሱ እዛው ግድግዳ ውስጥ ስብር ይላል። ከዛ በኋላ ሴራሚክ መስበር ነው፣ ግድግዳ መብሳት ነው፣ ባለቤቱ "ደህና የነበረውን ቤቴን አፈረስከው" ይላል፣ የሚከፍለው ግን ያው 400 ነው። ልምድ ያለው ሰራተኛ ገና በስልክ "ቤቱ የአባቴ ነው፣ በደርግ ጊዜ የተሰራ" ስትሉት ጭንቅላቱ ውስጥ ይሄ ሁሉ ፊልም ይታየዋል። ጀማሪው ነው ሮጦ የሚመጣላችሁ፣ እሱም እስኪሰብር ድረስ።

"መጥተህ እየውና ዋጋ ንገረኝ" የሚለው ደሞ አለ። ለኛ ተራ ጥያቄ ነው። ለሱ ግን ያልተከፈለበት የስራ ሰዓት ነው። ይሄዳል፣ ያያል፣ ዋጋ ይናገራል፣ ከዛ እኛ ምን እንላለን? "እሺ ተነጋግረን እንደውልልሃለን።" እንደውላለን? አንደውልም! ሌላ ሁለት ሰው ጠርተን አወዳድረን ርካሹን እንይዝና ሌሎቹን "አይ፣ ሰው አግኝተናል" ብሎ ለመንገር አንዲት ሚስኮል እንኳ አናባክንም። ቀለም ቀቢው ይሄን ሲነግረኝ ትንሽ አፈርኩ፣ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት እሱኑ ራሱን እንደዛ አድርጌዋለሁ፣ እሱ ረስቶታል ወይም የረሳ መስሏል። እና ብዙዎቹ ከዚህ ተምረው ማየት ብቻ የሚባል ጥሪ ሲመጣ ዝም ይላሉ፣ ወይ ደሞ የመጓጓዣ ይጠይቃሉ፣ የመጓጓዣ ሲጠይቁ ደሞ እኛ "ሳይሰራ ብር!" እንላለን።

የእቃ ነገርም ያው የታወቀ ነው። ሰራተኛው እቃውን ከሱቅ ራሱ ሲገዛ ከሱቁ የሚያገኛት ነገር ትኖራለች፣ ይሄን ሁላችንም እንጠረጥራለን፣ አንዳንዴም ልክ ነን። ስለዚህ "እቃውን እኔ ገዝቼ እጠብቅሃለሁ" እንላለን፣ ገዝተን ስንጠብቅ መጠኑ ልክ አይደለም፣ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ አይነት ነው) ሲባል ሌላ ነገር አምጥተናል፣ የሱ ግማሽ ቀን ሄደ። ሁለተኛ ስትደውሉ ስማችሁ "ክርክር" የመሆን እድሉ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይሄ ሁሉ ምክንያት ቢኖረውም ለምን "አልችልም" ብሎ አይገላግለንም? ሁለት ቃል ነው እኮ፣ "አልችልም እትዬ"፣ አለቀ፣ ሰው ሌላ ይፈልጋል። ጓደኛዬን ይሄን ስጠይቀው ትንሽ አሰብ አደረገና "ሰው ቸግሮት ሲደውልልህ እምቢ እንዴት ትለዋለህ?" አለኝ። በቃ ይሄ ነው። ይሉኝታ። እኛ አገር፣ በተለይ በዕድሜ ለሚበልጥህ ሰው፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ዝም ማለት ግን ነውርነቱ ያንን ያህል አይደለም፣ ቢያንስ ሲያደርጉት አይሰማቸውም። ስለዚህ እምቢታው "ነገ" የሚል ልብስ ለብሶ ይወጣል። ያልተመለሰ ስልክ መልስ ነው፣ እኛ ነን መልሱን ማንበብ ያቃተን።

ማንበብ ደሞ ይቻላል። "ነገ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰፈሩ የት ጋ ነው፣ ምልክቱን ንገሩኝ" ካለ ይመጣል፣ ቢያረፍድም ይመጣል። "ነገ እደውላለሁ" ካለ የያዘው ስራ አለ፣ እሱ ከተሰረዘ ነው እናንተ የምትገቡት። "እስቲ እናያለን፣ እግዜር ያውቃል" ካለ ያው እግዜር ያውቃል፣ እናንተ ሌላ ሰው ፈልጉ። በነገራችን ላይ "አንተስ የአክስቴን ሮቶ አትሰራላትም?" ብዬው ነበር። "ነገ እደውልልሃለሁ" አለኝ።

ሌላው ደሞ ዝምታው በራሱ እየከበደ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ሳይደውል ቀረ፣ ምንም አይደል። በሶስተኛው ቀን ለማንሳት ምክንያት ያስፈልገዋል። በስድስተኛው ቀን የናንተን ቁጥር ሲያይ ልክ ብር የተበደረ ሰው ያበዳሪውን ቁጥር ሲያይ የሚሰማው ነው የሚሰማው። እኛ ደሞ በቀን አምስቴ መደወል ስንጀምር ይበልጥ እናርቀዋለን፣ አክስቴ በስምንት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደወለች ስጠይቃት "አልቆጠርኩትም፣ ግን ካርድ ሁለቴ ሞልቻለሁ" ነው ያለችኝ።

ከአቅም በላይ ስራ መያዝ የሚባለው ነገር ደሞ አለ፣ እዚህ ላይ እኔም ሀሳቤን ቀይሬያለሁ። ሶስት ቦታ ቀብድ ተቀብሎ አንዱ ጋ ብቻ የሚገኝ ሰራተኛ አጭበርባሪ ነው እል ነበር። አንዳንዱ ነውም። ግን የስራው ባህሪ ራሱ ወደዛ ይገፋል፣ ምክንያቱም አንድ ስራ ብቻ የያዘ ሰው ያ ስራ ሲቆም ይራባል፣ ስራ ደሞ በየሰበቡ ይቆማል። ሴራሚክ ሰሪው ቧንቧው ካላለቀ መጀመር አይችልም፣ ቧንቧ ሰሪው ግንበኛው ካልቦረቦረለት አይችልም፣ ቀለም ቀቢው ልስኑ ካልደረቀ አይችልም፣ እርጥብ ልስን ላይ ከቀባ በሁለት ወር ውስጥ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል። አርማታ ሲሞላ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው፣ ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰራተኛው ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። ባለቤቱም በመሀል ብር ያልቅበትና "ትንሽ እረፉ" ይላል። ስለዚህ ሰራተኛው ሶስት ይይዛል፣ አንዱ ሲቆም ወደ ሌላው ይዞራል፣ ሁለቱ እኩል የተከፈቱ ቀን ደሞ አንዳችሁ ስልክ ስትደውሉ ትውላላችሁ።

ባህር ዳር ላይ ደሞ ወቅቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይሄ ማለት በጋውን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጣሪያ፣ የዛገ አሸንዳ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል ያፈሳል። መሬቱም አይረዳም፣ ዋልካ ያለበት ሰፈር የሚኖር ያውቀዋል፣ ጥቁሩ አፈር በበጋ ደርቆ እግር እስኪገባበት ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲያብጥና ሲሟሽሽ የቤቱን መሰረትም የተቀበረውን ቧንቧም ይዞ ይንቀሳቀሳል። ጣና ዳር አካባቢ ደሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስርም ነው የሚሞላው። እና ሰኔ ላይ "ኧረ ጣሪያዬ አፈሰሰ" ብላችሁ ስትደውሉ ከተማው በሙሉ ያንኑ ስልክ እየደወለ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ደሞ ማንም ጤነኛ ሰው የረጠበ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም።

በዛው ሰዓት ረዳቶቹ የሉም። ብዙው የቀን ሰራተኛና ረዳት ከመርዓዊ፣ ከአዴት፣ ከደራ፣ ከፎገራ በኩል የመጣ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ የእርሻ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ደሞ የአጨዳ፣ ልጁ ቤተሰቡን ለማገዝ ይሄዳል። ግንበኛ ያለ ረዳት ግማሽ ሰው ነው። በዓላቱንም ጨምሩበት፣ ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት፣ ባለ እግዚአብሔር ነው፣ ከተማ ውስጥ የሚሰራ ቢኖርም ከገጠር የመጣው ረዳት አይሰራም፣ እሱ ካልሰራ አለቃውም አይሰራም። ጳጉሜ ላይ ደሞ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ቀለም የማይቀባ የለም፣ ጥር ከመግባቱ በፊት ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ያድሳል። እኔ ብሆን ቀለም ቀቢ ጥቅምት ላይ ነው የምይዘው። ጣሪያ ደሞ መጋቢት፣ ቢዘገይ ሚያዝያ።

የእቃ ዋጋም ስልክ ያዘጋል፣ ይሄን ከኤሌክትሪክ ሰራተኛው ነው የሰማሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ፣ ኬብሉ፣ ብሬከሩ፣ ሩቢኔቶው፣ ብዙው ከውጭ የሚመጣ ነው። እሱ ሰኔ ላይ እቃውን ጨምሮ በቁርጥ የተዋዋለው ስራ ነበረው፣ ነሐሴ ላይ እቃ ሊገዛ ሱቅ ሲሄድ የተቀበለው ብር ለኬብሉ እንኳ አልበቃውም። ደውሎ "ጨምሩልኝ" ይበል? ባለቤቱ "ተዋውለናል" ይላል። ከኪሱ ይጨምር? የለውም። ስልኩን ዘጋ። ስህተት እንደሰራ ራሱ ያምናል፣ ግን ምን እንደሚል አላወቀም ነበር። ከዛ ወዲህ ብዙዎቹ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚዋዋሉት፣ እቃውን በግዢ ቀን ዋጋ ባለቤቱ ይችላል፣ ይሄ ለሁለቱም ይሻላል ባይ ነኝ።

እስካሁን የተከራከርኩላቸው መሰለኝ፣ የሚወቀሱበትም አለ። ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ አለ፣ እኔንም አንዱ በር እሰራለሁ ብሎ ቀብድ በልቶኝ የበያጅ ቤቱን ቦታ ቀይሮ ነው የጠበቀኝ። ስለ ቀብድ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 አስቀምጦታል፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ደሞ እጥፉን ይመልሳል። እጥፍ! ግን እኛ ለእቃ መግዣ የምንሰጠውንም የስራውን ቅድሚያ ክፍያም ሁሉንም "ቀብድ" ነው የምንለው፣ ክርክር ሲነሳ ደሞ የትኛው እንደሆነ ማን ያስረዳል? ስለዚህ ስትሰጡ በባንክ አስተላልፉና ምክንያቱ ላይ ፃፉት፣ ወይ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ "ይህ ብር ቀብድ ነው፣ ስራው በዚህ ቀን ይጀመራል" ብላችሁ አስፈርሙ። ለመክሰስ አይደለም፣ ለ3,000 ብር ፍርድ ቤት የሚመላለስ የለም። ግን የፈረመ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ይሄን ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ሌላ የሚሰራው ነገር ፎቶ ነው። የሚያፈሰውን ቦታ ከቅርብ አንድ፣ ከሩቅ አንድ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ መጥቶ የማየቱን ግማሽ ቀን አተረፋችሁለት ማለት ነው፣ እቃውንም ይዞ ይመጣል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ሁሉም ወደ ስልክ ብቻ ተመልሶ ነበር፣ ብዙዎቻችን ዳታው ከተከፈተ በኋላም በዛው ቀረን። ስትደውሉም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ቀን ላይ ጣሪያ ላይ ነው ብያችኋለሁ። ትናንሾቹን ስራዎች ደሞ አጠራቅሙ፣ ሩቢኔቶውን፣ የሻወሩን፣ የሽንት ቤቱን ማፍሰስ አንድ ላይ "የአንድ ቀን ስራ አለኝ" ብላችሁ ጥሩት፣ የአንድ ቀን ስራ ያለው ሰው ስልክ ይነሳለታል። ጎረቤት ከጎረቤት ብትነጋገሩ ደሞ የበለጠ።

የአክስቴ ነገር እንዴት ሆነ መሰላችሁ። መደወሉን አስቆምኳትና በሷ ስልክ ለዛው ለመጀመሪያው ሰውዬ በፅሁፍ ላኩለት፣ "ወንድሜ ሰላም ነው፣ የአባይ ማዶዋ ባለ ሮቶ ነኝ። ስራ እንደበዛብህ ይገባኛል። ካልቻልክ አልችልም በለኝ፣ ቅር አይለኝም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" ሃያ ደቂቃ አልሞላም። "እትዬ በጣም ይቅርታ አፍሬ ነው ያላነሳሁት፣ አዴት ሳይት ላይ ነኝ፣ እስከ 25 አልመለስም፣ ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው ይደውሉለት" ብሎ የሌላ ሰው ቁጥር ላከ። የተላከው ልጅ በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በሳይክል መጣ፣ መገጣጠሚያውን ቀየረ፣ 350 ብር ተቀበለ፣ አክስቴም ቡና አፍልታ ሳይጠጣ አልለቀቀችውም። ስልኳ ላይ "ሮቶ 2" ብላ መዝግባዋለች።